አሳ በብርድ ወራት እንዴት ይጠበቃል?



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አሳና ስለ ብርድ ነው። ከመካከላችሁ ኩሬ ቆፍሮ አሳ የሚያረባ ይኖራል። ላርባ ብሎ የሚያስብም አይጠፋም። አሳ ማርባት የጀመረ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ይገጥመዋል። ሙቀት ሳለ አሳው ይበላል፣ ይዘላል፣ ያድጋል። ብርድ ሲገባ ግን ምግቡን ይተዋል። እንቅስቃሴውን ይቀንሳል። ከኩሬው ሥር ገብቶ ዝም ይላል። ባለቤቱ ይህን ሲያይ ይደነግጣል። «አሳዬ ተራበ፣ ታመመ» ይልና ምግብ ይጨምርለታል። በዚህም የተነሳ ሊያድነው ያሰበውን አሳ በገዛ እጁ ይገድለዋል።

ነገሩ እንዴት ነው? ማብላት እንዴት ይገድላል? የዛሬው ንግግራችን ይህን ያስረዳል። ትምህርቱን የምንወስደው ከሩቅ አገር ገበሬዎች ነው። እነሱ እንደኛው እርከን ሠርተው የሚያርሱ የተራራ ሰዎች ናቸው። ብርዳቸው ግን ከኛ ብርድ እጅግ ይብሳል። ከባዱን ብርድ የቻለ ሰው የሚያውቀው ነገር ለቀላሉም ይጠቅማልና እናዳምጣቸው።

የኒጋታ ገበሬዎች

ጃፓን በእስያ ምሥራቅ በባሕር የተከበበች አገር ናት። በትልቁ ደሴቷ ምዕራባዊ ጠረፍ ኒጋታ የሚባል ክፍለ ሀገር አለ። በኒጋታ ተራሮች ላይ ያማኮሺና ኦጂያ የሚባሉ ቦታዎች ይገኛሉ። የዚያ ሰው ተራራውን በእርከን ከፍሎ ሩዝ ያመርታል።

እኛ ክረምት ስንል ዝናቡን ማለታችን ነው። የነሱ ብርድ ወራት ግን ከኅዳር ማብቂያ ጀምሮ እስከ መጋቢት ይዘልቃል። እኛ በረዶ የምንለው እንደ ጠጠር ከዝናብ ጋር የሚወርደውን ነው። የነሱ በረዶ ግን እንደ ባዘቶ ጥጥ እየተነጠፈ ይከመራል። ያማኮሺ ውስጥ ብርዱ በጠናበት ዓመት የበረዶው ክምር ከ3 ሜትር ያልፋል። ይህ ወደ ሁለት ሰው ቁመት የሚጠጋ ነው።

በድሮ ጊዜ መንገዱ በበረዶ ሲዘጋ ገበያ መውጣት አይቻልም ነበር። ስለዚህ ገበሬዎቹ ለሩዙ ውሃ በሚያጠራቅሙበት ኩሬ ውስጥ ካርፕ የሚባለውን አሳ ያረቡ ነበር። በብርድ ወራት ሥጋቸው እሱ ነበር። ካርፑ መልኩ ጥቁር ነው። ዛሬ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ይሆናል፣ ከጥቁሮቹ መካከል አልፎ አልፎ ቀይ ወይም ነጭ ነጠብጣብ ያለው አሳ ይወለድ ጀመር። ገበሬዎቹ ይህን ልብ አሉ። ጥሩ ዘር መርጦ እንደሚያስቀር ሰው፣ ባለቀለሞቹን ለይተው እርስ በርስ አራቡ። ልጅም ከአባቱ እየተቀበለ ቀጠለበት። እንዲህ ሆኖ ኮይ የሚባለው ያማረ አሳ ተገኘ። በ1906 ዓ.ም.፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1914፣ በቶኪዮ ከተማ በተደረገ ትልቅ ኤግዚቢሽን ላይ ሲቀርብ አገሩ ሁሉ አወቀው። ዛሬ ኮይ በብዙ አገር በጓሮ ኩሬ ይኖራል። በ2011 ዓ.ም. ጃፓን ውስጥ አንዲት ኮይ በ203 ሚሊዮን የን ተሸጣለች። የን የጃፓን ገንዘብ ነው። ይህ በዶላር ሲመነዘር ከአንድ ሚሊዮን በላይ ነበር።

ታዲያ ኮይ ሌላ ፍጥረት እንዳይመስላችሁ። አንዱ በሬ ቡሬ፣ ሌላው ዳለቻ ቢሆን ሁለቱም በሬ ናቸው። ኮይም ቀለም ያወጣ ካርፕ ነው። ካርፕ ደግሞ በኛም አገር በቆቃና በዝዋይ ሐይቅ፣ በአንዳንድ ገበሬዎች ኩሬም ውስጥ አለ። ስለዚህ ስለ ኮይ የምንናገረው የኛንም አሳ ይመለከታል።

አሳ የራሱ እሳት የለውም

ላም ብርድ ሲነካት የበላችው መኖ በሆዷ ውስጥ እንደ ማገዶ ሆኖ ያሞቃታል። ስለዚህ በብርድ ቀን የበለጠ ብትበላ ይጠቅማታል። እኛም ሰዎች እንደዚሁ ነን። አሳ ግን እንዲህ አይደለም። አሳ በውስጡ የሚያሞቀው እሳት የለውም። የውሃው ሙቀት 20 ዲግሪ ከሆነ የአሳውም ገላ ወደ 20 ዲግሪ ይሆናል። ውሃው ወደ 8 ከወረደ እሱም ወደ 8 ይወርዳል።

ገላው ሲቀዘቅዝ ሁሉ ነገሩ ይዘገያል። ልቡ በዝግታ ይመታል። አንጀቱም ሥራውን ያቆማል ማለት ይቻላል። ከዚህም ሌላ ካርፕ ጨጓራ የለውም። ምግቡ ከጉሮሮ በቀጥታ ወደ አንጀት ይገባል። እንግዲህ በብርድ ቀን ምግብ ብንሰጠው ምን ይሆናል? የዋጠው ሳይፈጭ በሆዱ ውስጥ ይቆያል፤ ያሳምመዋል። ያልዋጠው ደግሞ ከኩሬው ሥር ወርዶ ይበሰብሳል። የበሰበሰው ነገር በውሃ ውስጥ ያለውን አየር ይበላል። አሞኒያ የሚባለውን መርዝም ያወጣል። አሳውም በገዛ ምግቡ ተመርዞ ይሞታል። ማብላት ይገድላል ያልነው በዚህ ምክንያት ነው።

ውሃ ከላይ የሚረጋበት ምክንያት

ብዙ ነገር ሲቀዘቅዝ ይከብዳል። ውሃም እስከ 4 ዲግሪ ድረስ ሲቀዘቅዝ እየከበደ ይሄዳል። ከ4 ዲግሪ በታች ሲወርድ ግን መልሶ ይቀላል። ረግቶ በረዶ ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ቀሎ ይንሳፈፋል። በዚህ ምክንያት ኩሬ መርጋት የሚጀምረው ከላይ ነው። ከላይ በረዶ ቢጋገርም፣ ከሥር ያለው ውሃ ኩሬው ጥልቅ ከሆነ 4 ዲግሪ ላይ ይቆያል። ካርፕ ደግሞ ይህን ያህል ብርድ ይችላል። ወደ ሥር ወርዶ ዝም የሚለው ታሞ ሳይሆን የሚሻለውን ቦታ ስላወቀ ነው።

ከዚህ የምንማረው የመጀመሪያው ነገር፣ ኩሬ ጥልቀት ያስፈልገዋል የሚል ነው። ውሃ በሚረጋበት አገር ኮይ የሚያኖር ሰው ከኩሬው ቢያንስ አንዱን ወገን ከ1 ሜትር ከ20 እስከ 1 ሜትር ተኩል አድርጎ ይቆፍራል። ጥልቀት የሌለው ኩሬ ሌሊት ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ ቀን ቶሎ ይሞቃል። አሳ ደግሞ ከብርዱ ይልቅ ድንገተኛ መለዋወጥ ይጎዳዋል።

ብርድ ከመግባቱ በፊት

የኒጋታ አርቢዎች ሥራቸውን የሚጀምሩት በረዶው ከመውረዱ በፊት ነው። ከመስከረም ማብቂያ እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ በተራራው ላይ ያሉትን የጭቃ ኩሬዎች ያፈሳሉ። አሳዎቹን በመረብ ሰብስበው፣ መርጠው፣ በጣሪያ ወይም በላስቲክ ቤት ሥር ወዳሉ የሲሚንቶ ገንዳዎች ያወርዷቸዋል። የተራራው ኩሬ በበረዶ ሲሸፈን ሄዶ ማየት አይቻልማ! ወደ ተራራው የሚመልሷቸው ብርዱ አልፎ ግንቦት ገደማ ሲሆን ነው።

በጓሮው አንድ ኩሬ ብቻ ያለው ሰው ግን አሳውን እዚያው ያሳድረዋል። እሱም ብርዱ ሳይገባ አራት ነገር ይሠራል።

አንደኛ፣ ኩሬውን ያጠራል። የወደቀውን ቅጠልና የሞተውን ሣር በመረብ ያወጣል። ቅጠል በውሃ ውስጥ ሲበሰብስ አየሩን ይጨርሳል። የወጣው ቅጠልና ደለል ለጓሮ አትክልት ማዳበሪያ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ውሃው ገና ሙቅ ሳለ አሳውን በደንብ ይመግባል። አሳው በሙቀት ያጠራቀመውን ስብ በብርድ ጊዜ ይኖርበታል። ጎተራ በጥጋብ ጊዜ እንደሚሞላው ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ አሳዎቹን አንድ በአንድ ያያል። ቁስል ያለበት፣ ቅርፊቱ የተነሳ፣ ስንጥቡ የገረጣ ካለ ለይቶ ያክማል። የታመመ አሳ ብርድን አይችልም። አንዱ የታወቀ መድኃኒት ጨው ነው። መጠኑም ለ1 ሊትር ውሃ 3 ግራም ነው። በርሜሉ 200 ሊትር ከያዘ 600 ግራም ጨው ይበቃዋል። ውሃው ከዚያው ከኩሬው የተቀዳ ይሁን። ሙቀቱ ከተለየ አሳው ይደነግጣል።

አራተኛ፣ አሳው ከበዛ ይቀንሳል። የሚሸጠውን ይሸጣል፣ የሚበላውን ይበላል። ጥቂት አሳ በሰፊ ውሃ ውስጥ ብርዱን በሰላም ያልፋል።

አበው «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ይላሉ። የብርድ ወራት ሥራ የሚያልቀው ብርዱ ከመግባቱ በፊት ነው።

በብርዱ ውስጥ

ብርዱ ከገባ በኋላ ምግብ የሚሰጠው በሙቀት መለኪያ ታይቶ ነው። ለካርፕና ለኮይ ልኩ የሚከተለው ነው።

ውሃው ከ15 ዲግሪ በላይ ከሆነ እንደወትሮው ይብላ።

ከ15 እስከ 10 ዲግሪ ባለው መካከል ጥቂት፣ ለሆድ የቀለለ፣ ከስንዴ የተዘጋጀ ምግብ በቀን አንድ ጊዜ ይበቃዋል።

ከ10 ዲግሪ በታች ሲሆን ምግብ ይቁም።

«ወራት ሙሉ ሳይበላ ይኖራል እንዴ?» ትሉ ይሆናል። አዎን፣ በሙቀት ጊዜ የሰባ ካርፕ ይኖራል። የማይሠራ ገላ ማገዶ አይፈጅም።

ሌላው ነገር አሳውን አለመረበሽ ነው። «አለ? የለም?» እያሉ ውሃውን በእንጨት መጎርጎር አይገባም። በተነካ ቁጥር ይሸሻል፤ ሲሸሽ ያስቀመጠው ስብ ይጠፋል። «አሳ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» የሚባለው ተረት ለዚህም ይሠራል።

ውሃው የሚረጋበት አገር ሰው አንድ ተጨማሪ ሥራ አለበት። ቀዝቃዛ ውሃ ከሙቅ ውሃ የበለጠ ኦክስጂን ይይዛል። 1 ሊትር ውሃ በ0 ዲግሪ 14 ሚሊግራም ያህል፣ በ25 ዲግሪ ግን 8 ሚሊግራም ያህል ነው የሚይዘው። ስለዚህ ብርዱ ብቻውን አሳን አያፍንም። የሚያፍነው እንደ ክዳን የተጋገረው በረዶ ነው። ከሥር የሚበሰብሰው ነገር ክፉ አየር ያወጣል። ክዳኑ ከተዘጋ ያ አየር መውጫ ያጣል። ስለዚህ በበረዶው ላይ አንድ ቀዳዳ ይከፈታል። በመዶሻ መምታት ግን ክልክል ነው። የምቱ ድምፅ በውሃ ውስጥ ጠንክሮ ስለሚሄድ አሳውን ይጎዳል። ዘዴው ሙቅ ውሃ የሞላ ድስት በበረዶው ላይ አስቀምጦ ቀስ ብሎ ማቅለጥ ነው።

ብርዱ ሲያልፍ

ብዙ ሰው ብርዱ ሲያልፍ «ተገላገልን» ይላል። አሳው በብዛት የሚታመመው ግን ያን ጊዜ ነው። ውሃው መሞቅ ሲጀምር ተባዩና ጀርሙ ቀድሞ ይነቃል። የአሳው ገላ በሽታ የሚከላከልበት ጉልበት ግን ዘግይቶ ይመለሳል። በዚህ መካከል የከሳ አሳ ይጠቃል። ስለዚህ ውሃው 10 ዲግሪ አለፈ ተብሎ በአንድ ቀን ጠግቦ አይበላም። በጥቂቱ ይጀመርለታል። ከጾም እንደወጣ ሰው ሆዱ ቀስ በቀስ ይለምዳል። አንድ ቀን ሞቆ ማግስቱን ከቀዘቀዘ ምግቡ እንደገና ይቁም።

የመሬት መንቀጥቀጡ

ጥቅምት 13 ቀን 1997 ዓ.ም. ምሽት ላይ በኒጋታ ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ ሆነ። በአውሮፓ አቆጣጠር 2004 ነበር። ተራራው ተናደ፤ መንገዱ ተቆረጠ። የያማኮሺ ሕዝብ በሙሉ መንደሩን ለቆ እንዲወጣ ተደረገ። ኩሬዎቹ ተሰንጥቀው ውሃቸው ፈሰሰ። መብራት ስለጠፋ ውሃና አየር የሚገፉት ሞተሮች ቆሙ። ብዙ ኮይ አለቀ። ጊዜው አሳ ከተራራ የሚወርድበት ወቅት ነበር። በረዶው ሊገባ የቀረው ጥቂት ሳምንት ነው። ገበሬዎቹ ግን ተስፋ አልቆረጡም። መኪና የሚያልፍበት መንገድ ስላልነበረ፣ የተረፉትን አሳዎች በሄሊኮፕተር እያስጫኑ አወረዱ። በዘር የተያዙትን አሳዎች ማትረፍ የአባቶቻቸውን የብዙ ዘመን ድካም ማትረፍ ነበርና። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ብዙ ሰዎች ወደ ተራራው ተመለሱ፤ አሳውም ዛሬ ድረስ እዚያው ይረባል።

ይህን ያነሳነው ያለ ምክንያት አይደለም። ሰው የምድርን መንቀጥቀጥ ሊያስቀር አይችልም። ብርድን ግን ቀኑን አስቀድሞ ያውቀዋል። ታውቆ በሚመጣ ነገር አሳ ቢያልቅብን ማንን እንወቅሳለን?

ወደኛ ኩሬ ስንመለስ

በኛ ደጋ አገር ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ቦታ ጧት ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ይታያል። ቀን ግን ፀሐይ ስለሚወጣ ኩሬያችን እንደ ኒጋታ በበረዶ አይከደንም። ስለዚህ መዶሻም ድስትም አያስፈልገንም። የምንወስደው የሚከተለውን ነው።

ምግብ በውርጩ ጧት አንስጥ። ፀሐይ ውሃውን ካሞቀችው በኋላ፣ ከቀትር ወዲያ እንስጥ። ሰጥተን ጥቂት እንቆይ። ያልበላው ከተረፈ በማግስቱ እንቀንስ።

ፍግ ወደ ኩሬ የምንጨምር ከሆነ በብርድ ወራት እንቀንሰው። በቀዝቃዛ ውሃ ፍግ ቶሎ ስለማይፈርስ ከሥር ይጠራቀማል።

ጎህ ሲቀድ አሳዎቹ አፋቸውን ከውሃ በላይ አውጥተው አየር ሲጎነጩ ካየን፣ ኦክስጂን አጥሯቸዋል ማለት ነው። ያን ቀን ምግብም ፍግም አንጨምር። ንጹሕ ውሃ ከከፍታ ላይ እያፏፏን እናስገባ።

የአሳውን ዓይነት እንለይ። ቆሮሶ የሙቅ ውሃ አሳ ነው። ውሃው ከ16 ዲግሪ በታች ሲሆን መብላት ይተዋል። ከ11 ዲግሪ በታች ወርዶ ከቆየ ይሞታል። ካርፕ ግን ብርድ ይችላል። ውርጭ በሚበዛበት ደጋ ቆሮሶ ከማስገባት በፊት የአካባቢውን የግብርና ባለሙያ መጠየቅ ይገባል። ካርፕ የሚያረባም ቢሆን ከኩሬው አምልጦ ወንዝ እንዳይገባ በመውጫው ላይ ወንፊት ያድርግ። ካርፕ የወንዙን ሥር እየቆፈረ ውሃውን ያደፈርሳል፤ የአገሩንም አሳ ይሻማል።

ደብተርና እርሳስ

አሁን ወደ መጨረሻው ደርሰናል። ፊደል መቁጠራችሁ ለዚህ ሥራ ይጠቅማችኋል። የሙቀት መለኪያ በገመድ አስራችሁ፣ ክንድ ያህል ወደ ውሃው አስገቡ። በየቀኑ በአንድ ሰዓት ለኩ። ከዚያም በደብተር ላይ አራት ነገር ጻፉ። ቀኑን፣ ዲግሪውን፣ የሰጣችሁትን ምግብ፣ የሞተውን አሳ ቁጥር። ከዚህ በላይ አያስፈልግም።

በእጅ ነክቶ መገመት ያሳስታል። ውርጭ ላይ የቆመ እጅ ቀዝቃዛውን ውሃ ሙቅ ያደርገዋል። «አምና በዚህ ጊዜ እንዴት ነበር?» ተብሎ ሲጠየቅም ልብ ይረሳል፣ ደብተር ግን አይረሳም። ሁለትና ሦስት ዓመት የተጻፈ ደብተር በኩሬያችሁ ብርዱ በየትኛው ሳምንት እንደሚገባ ይነግራችኋል። ይህን የሚያውቅ ከናንተ በቀር ሌላ መጽሐፍ የለም።

እንግዲህ ነገሩን በአጭሩ ስናጠቃልለው ይህ ነው። በብርድ ወራት የአሳ ጠባቂ ሥራው ውሃውን መጠበቅ ነው። ውሃው ጥልቅና ንጹሕ ከሆነ አሳውን ራሱ ይጠብቀዋል።

ከመለያየታችን በፊት እርስ በርሳችሁ ተጠያየቁ።

1. ላም በብርድ ቀን ብትበላ ይጠቅማታል። አሳን ግን የሚጎዳው ለምንድን ነው?

2. ኩሬያችሁ በጥልቁ ቦታ ስንት ሜትር ነው? ለክታችሁ ጻፉ።

3. በሰፈራችሁ ውርጭ የሚጀምረው በየትኛው ወር ነው? ከዚያ በፊት ምን ምን ሥራ ይሠራል?